ፊርማ የሌለው ግድግዳ

ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ግድግዳው የጣት ሥራ ነው። አራት ጣቶች ጎን ለጎን ሆነው ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ አራት ጥልቀት የሌላቸው ቦዮች ትተዋል። ቦዮቹ ከበሩ መቃን አንድ ክንድ ያህል ርቀው ይጀምሩና ወገብ ላይ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መታጠፊያው ላይ ጭቃው በትንሹ ተቆልሏል፤ እጁ እዚያ ሲደርስ ዝግ ብሏል ማለት ነው። ከቦዮቹ በላይ ነጭ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ነጥብ ጠቋሚ ጣት ነጭ አፈር ውስጥ ተነክሮ ያረፈበት ስለሆነ በአንዳንዶቹ መሃል ጥፍር የጫረው ቀጭን መስመር ይታያል። በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ቀይ መደብ ወጥ አይደለም፤ መዳፍ ያሸው ቦታ ይደምቃል፣ መዳፉ ተነሥቶ እንደገና ባረፈበት በኩል ደግሞ ይሳሳል።

ቤቱ የሚገኘው ከጂንካ ከተማ በላይ በሚነሡት የአሪ ኮረብቶች ላይ፣ እንሰትና ቡና በከበቡት ግቢ ውስጥ ነው። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ በታች የማጎ ፓርክና የኦሞ ሸለቆ ሙቀት አለ፤ ከእርሷ በላይ የአሪ ገበሬዎች ደጋ። ደቡብ ኦሞ ሲባል የብዙ ሰው ዓይን ወደ ታች፣ ወደ ሐመር፣ ወደ ሙርሲ፣ ወደ ካሮ ይሄዳል። ጎብኚውም ጂንካ ላይ አድሮ በማለዳ ቁልቁል ይነዳል። ወደ ላይ የሚወጣው ጥቂት ነው። የአሪ ሴቶች በቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚሠሩት ሥዕል ከአገራችን ታላላቅ የሥዕል ባህሎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይሁንና ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ሲወራ ስሙ ሲነሣ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ወደዚያ ግቢ የገባሁት የውሃ ቀለሜን፣ ወረቀቴንና ትንሽ በርጩማ ይዤ ነበር። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ ናቸው። አማርኛ ስለማያዘወትሩ ተማሪዋ የልጅ ልጃቸው አስተረጎመችን።

«እማማ፣ ቤትዎን ልሥለው ፈልጌ ነበር፤ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው።

ወደ ግድግዳው ዞር ብለው አዩና በእጃቸው የታችኛውን ክፍል አመለከቱኝ። እዚያ ዝናቡ ከመሬት እየነጠረ ሥዕሉን አጥቦታል፤ ምርጉ ተልጦ ጭዱና ማገሩ ብቅ ብሏል። ይህንንም ልትሥለው ነው ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። አዎን ስላቸው ለልጅቷ አንድ ነገር አሏት። እሷም ሳቅ እያለች፣ «አዲስ እስክመርገው ለምን አይጠብቅም? ነው የምትለው» አለችኝ።

እኛ ሥዕል የምንሞክር ሰዎች ያረጀ ነገር እንወዳለን። የዛገ ቆርቆሮ፣ የተላጠ ምርግ፣ ያዘመመ ወጋግራ ስናይ እጃችን ወደ ብሩሽ ይሄዳል። ይህ ፍቅር የራሱ ታሪክ አለው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ሠዓልያን ጣራቸው የወደቀ ገዳማትን ፍለጋ ገጠር ለገጠር ይዞሩ ነበር፤ ወጣቱ ተርነርም ቲንተርን የተባለውን የፈረሰ ገዳም በውሃ ቀለም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካው የእንጨት ጎተራና የስኮትላንዱ የድንጋይ ጎጆ ከገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል አይጠፉም። በነዚያ አገሮች ግን የሚሣለው ሕንፃ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ትቶት የሄደ ነው። የአሪው ቤት ሰው ይኖርበታል፤ ውስጡ እሳት ይነዳል፣ ቡና ይፈላበታል። ለእኔ ውበት የሆነው የግድግዳ እርጅና ለእመቤቲቱ ገና ያልተሠራ ሥራ ነው። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። የምሠራው ሥዕል ለሁለቱም እውነት ቦታ ካልሰጠ ግን ቤቱን ሳላየው ሥዬው ልሄድ ነው።

ቤቱን ለማየት አሠራሩን ማወቅ ይረዳል። እንደ አብዛኛው የአገራችን ጭቃ ቤት ይህም የሚጀምረው ከእንጨት ነው። ወጋግራው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ ጣራው ሣር ይለብሳል። ከዚያ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካና ይመረጋል። ሸክላ የበዛበት አፈር ውሃው ሲወጣለት ስለሚሸበሸብ የመጀመሪያው ምርግ ሲደርቅ መሰነጣጠቁ አይቀርም። ስንጥቁን የሚደፍነው ከእበትና ከደቃቅ አፈር የተለወሰው ሁለተኛው ልባስ ነው። እበት ውስጥ ያለው ያልተፈጨ የሣር ቃጫ ጭቃውን አስተሳስሮ ይይዘዋል፤ ላዩም ለስለስ ብሎ ጣትን ይቀበላል። ሥዕሉ የሚሠራው በዚህ ልባስ ላይ ነው፤ እርጥብ ሳለ በጣት ይቦረቦራል፣ ጠፈፍ ሲል ደግሞ ቀለም ይቀባል።

የቤቱ እርጅና በየቦታው ይለያያል፤ ሠዓሊም ይህን ማንበብ አለበት። ሣሩ አዲስ ሲከደን ወርቃማ ነው። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ቀለሙን ይለቅና ብርማ ግራጫ ይሆናል። በውስጥ በኩል ግን የምድጃው ጭስ ያጠቁረዋል፤ ጭሱም ነፍሳትን እያራቀ የክዳኑን ዕድሜ ያረዝማል። ከክዳኑ ጫፍ ሥር ያለው የግድግዳው የላይኛው ክፍል ዝናብ ስለማያገኘው የዓመት ሥዕል እንኳ ትናንት የተሠራ ይመስላል። ከጉልበት በታች ሁኔታው ሌላ ነው። ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ መሬት እየመታ ይነጥርና ግድግዳውን በየቀኑ በጥቂቱ ይበላዋል፤ ምስጡ ደግሞ ከሥር ወጋግራውን ይጀምራል። በጂንካ አካባቢ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ሁለተኛው በመኸር ወራት ይመጣል። ስለዚህ አንድ ግድግዳ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስም አሮጌም ይሆናል፤ ያንን እያየች የምትመርገውና የምትሥለው ደግሞ ያችው ሴት ናት።

ታዲያ እንዲህ ያለው ቤት ታሪካዊ ነው ይባላል ወይ? ከዓመት በላይ ዕድሜ የሌለው ቀለም እንዴት ቅርስ ይሆናል? የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ይሆናል ባይ ነኝ። እዚህ ያረጀው እጁ ነው። ቀለሙ በየዓመቱ ይታጠባል፤ የጣቱ አካሄድ ግን ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል። የድንጋይ ሕንፃ ለመቶ ዓመት ቢረሳም ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል። የአሪ ግድግዳ መዘንጋትን የሚችለው ለአንድ ክረምት፣ ቢበዛ ለሁለት ነው፤ አንዲት ልጅ ከእናቷ ሳትማር ከቀረች በዚያ ቤት ያለው መስመር ተቋረጠ ማለት ነው።

ቀለሙን በተመለከተ መሬቱ ራሱ ሱቅ ነው። ቀዩን አፈር ቀይ ያደረገው የብረት ዝገት ነው፤ ኬሚስቶች ሄማታይት ይሉታል። ቢጫው ውሃ ያዘለ የብረት ዝገት ሲሆን እሳት ላይ ቢጠበስ ውሃውን ለቆ ይቀላል። ነጩ ብረት የሌለበት ደቃቅ ሸክላ ነው፣ ጥቁሩ ከሰል። እነዚህ ቀለሞች ፀሐይ አያደበዝዛቸውም። ግድግዳው ላይ የሚሸነፈው ማጣበቂያው ነው፤ ቀለሙ ታጥቦ ወደ መጣበት መሬት ይመለሳል። በእኔ ቀለም ሣጥን ውስጥ ያለው የተጠበሰ ሲዬና የሚባለው ቡናማ ቀይም ከዚሁ ዘር ነው፤ ስሙን ያገኘው አፈሩ ይቆፈርበት ከነበረው የጣሊያን ከተማ ነው። ያን ቀለም አዲስ አበባ ውስጥ በውድ ዋጋ ገዝቼ ጂንካ ድረስ ወስጄ፣ ከቀይ አፈር የተሠራ ግድግዳ ፊት ተቀምጬ ስበጠብጠው ከእግሬ ሥር ያለው መሬት ራሱ ያው ቀለም ነበር።

በአገራችን የሰው ልጅ ከእንዲህ ያለው አፈር ጋር ያለው ወዳጅነት እጅግ የቆየ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ በሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ 4,213 ቁርጥራጭ የቀለም አፈር፣ በክብደት 40 ኪሎ ግራም ገደማ ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ነው። ከቁርጥራጮቹ አንዳንዶቹ ተፈቅፍቀዋል ወይም ተፈጭተዋል። ወደ ኦሞ ተፋሰስ ስንመለስ፣ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው ኦሞ 1 የሚባለው የሰው ቅሪት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት 230 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጥቶታል። የታችኛው የኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በእንዲህ ዓይነቱ የመሬት ውስጥ ሀብቱ ነው። በዚያው መሬት ላይ ዛሬም ካሮዎች ገላቸውን በነጭ አፈር ያስውባሉ፤ የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ይለውሱታል። ይህን ዓለም አይቶታል፤ በትላልቅ የፎቶ መጻሕፍት ታትሟል፣ ፎቶ ለመነሣት የሚከፈለው ገንዘብም የሸለቆው የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ሆኗል። ከላይ ደጋው ላይ ያለው የግድግዳ ሥዕል ግን ካሜራ ብዙም አልደረሰበትም። ይህ በአንድ በኩል ጠቅሞታል፤ ሴቶቹ የሚሥሉት ለቤታቸው ነው። በሌላ በኩል ግን ከዓይን የራቀ ነገር ሲጠፋም አይታወቅም።

በብሩሽ ወደዚህ ምድር የመጣሁት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 በጀርመናዊው የባህል ተመራማሪ በአዶልፍ የንሰን የተመራ ቡድን ደቡብ ኢትዮጵያን ሲያጠና አልፍ ባይርሌ የተባለ ሠዓሊ አብሮ ነበር። ጊዜውን ልብ በሉ፤ ጣሊያን ሊወርረን ወራት የቀሩት ጊዜ ነው። ባይርሌ ሰዎችንና የመታሰቢያ ሐውልቶችን እየሣለ ተጓዘ። ፎቶግራፍ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ በነበረበት በዚያ ዘመን የአፈሩን ቅላት ለማየት የሠዓሊ ዓይን የግድ ያስፈልግ ነበር። የላከው ተቋም፣ ፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤንየስ ተቋም፣ ሠዓልያንን ወደ ዋሻና ወደ ገጠር እየላከ ጥንታዊ ሥዕሎችን በማስገልበጥ ስሙ የተጠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትልቅ ትርኢት አሳይቷል። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የንሰን በድጋሚ መጥቶ ወደ አሪ፣ ወደ ዲሜና ወደ ማሌ አገር የዘለቀ ጥናት ተደርጓል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1959 በትልቅ መጽሐፍ ታትሟል።

እነዚያ ሥራዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን አንድ ልዩነት ዘወትር ያሳስበኛል። የዋሻ ሥዕል የሚገለብጥ ሠዓሊ የመጀመሪያውን ባለሙያ ስም ሊጠይቅ አይችልም፤ ያ ሰው ከሞተ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። የአሪን ግድግዳ የሚሥል ሰው ግን ሠዓሊዋ ከበሩ ላይ ቆማ እያየችው ነው። የሚሥለውም ተራ አሮጌ ቤት አይደለም፤ የሌላ ሠዓሊ ሥዕል ነው። እኔ ያን ቀን የወረቀቴን ጥግ በስሜ ልፈርምበት እርሳሴን ሳነሣ ይህ ነገር ፊት ለፊቴ ቆመ። ነጠብጣቡን የደረደረችው፣ ቀዩን መደብ የመረጠችው፣ ቦዩ የት እንደሚታጠፍ የወሰነችው እሷ ናት። እኔ የጨመርኩት ጥላውንና የዝናቡን ጥፋት ብቻ ነው።

ስም ምን ያህል እንደሚያራምድ ለማየት ኤስተር ማህላንጉን ማስታወስ በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደችው ይህች የደቡብ አፍሪካ የንዴቤሌ ሴት የቤት ግድግዳ መሣልን በልጅነቷ ከእናቷና ከአያቷ ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1989 ፓሪስ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ሥራዋን አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ያንኑ የመንደሯን ጌጥ ቢኤምደብሊው መኪና ላይ ሣለችው። ከዚያ በኋላ የንዴቤሌ ግድግዳ ባለቤት አልባ ጌጥ መሆኑ ቀረ፤ ወጣት ሴቶችም ሊደርሱበት የሚመኙት ሙያ ሆነ። በቡርኪና ፋሶ የቲየቤሌ ቤተ መንግሥት ግድግዳዎችን የሚያስጌጡት የካሴና ሴቶች ናቸው፤ ቦታው እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በሳዑዲ አረቢያ አሲር ግዛት ሴቶች የቤታቸውን የውስጥ ግድግዳ የሚያስጌጡበት ጥበብም እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ ግዙፍነት በሌላቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ጭቃና ኖራ ላይ የተሠራ፣ በሴቶች እጅ የሚታደስ፣ ከአሪው ሥራ ጋር በዓይነቱ አንድ የሆነ ጥበብ ነው።

እኛስ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት ያላቸውንም የሌላቸውንም ቅርሶች ያቅፋል፤ ስለዚህ ችግሩ የሕግ አይመስለኝም። በዩኔስኮው ግዙፍነት የሌላቸው ቅርሶች መዝገብ መስቀልን በ2013፣ ፍቼ ጨምበላላን በ2015፣ የገዳ ሥርዓትን በ2016፣ ጥምቀትን በ2019፣ የሐረሪን ሹዋሊድ በ2023 አስመዝግበናል፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ደስ ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን አንድም የግድግዳ ሥዕል የለም። የጎረቤት ኮንሶ የድንጋይ እርከንና የታጠሩ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ ሲሆኑ ዋናው መከራከሪያ ከ400 ዓመት በላይ፣ ለ21 ትውልድ ሳይቋረጥ የቀጠለው ሥራ ነበር። ይህ ሚዛን ለድንጋዩ ከሠራ ለጭቃውም መሥራት አለበት።

ጭቃ ያዋርዳል የሚለው አስተሳሰብ ውስጣችን ገብቷል፤ እርሱን ማውጣት ያስፈልጋል። በጣና ዙሪያ ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናትን የጎበኘ ሰው እነዚያ የሚያበሩ መላእክትና ሰማዕታት የተሣሉት በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ መሆኑን ያውቃል። ከጨርቁ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ያለው ጭቃና ጭድ ነው። አዲስ አበባ መካኒሳ ውስጥ መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ ያቆሙት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የዞማ ሙዚየም በጥንቱ የጭቃ ምርግ ዘዴ ተሠርቶ ግድግዳው ራሱ ቅርጻ ቅርጽ ሆኗል፤ ሰው ከየአገሩ እየመጣ ያደንቀዋል። ያው ጭቃ፣ ያው ጭድ ነው። ወደ ጂንካ በመኪና የሚወርድ ሰው ሀላባ ላይ ሲደርስ ከመንገዱ ዳር የተሣሉ ክብ ቤቶችን ያያል። ይህ ሁሉ ሲደመር አገራችን ሰፊ የጭቃ ሥዕል ካርታ እንዳላት ያሳያል፤ ካርታውን የሣለው ሰው ግን የለም።

በዚህ መሃል ቆርቆሮ እየመጣ ነው። ጂንካ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ አግኝታለች፤ ሣር የለበሰው፣ ከብት ይግጥበትና ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው አሮጌው ማረፊያ በከተማዋ መሃል ነበር። ዙሪያውን ያሉት የጭቃ ቤቶች ጣራ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ ከፊሉ ዝጎ የቀይ አፈር መልክ ይዟል። ጂንካ ከመጠንከሯ በፊት የአካባቢው አስተዳደር መቀመጫ የነበረችው ባኮ ይህን ሁሉ ከላይ ሆና ታየዋለች። ቆርቆሮን እንደ ጠላት የሚያይ ጽሑፍ መጻፍ አልፈልግም። በየጥቂት ዓመቱ ሣር ማጨድና መክደን ምን ያህል ድካም እንደሆነ የሚያውቀው ያደረገው ሰው ነው፤ ሣሩም እንደ ድሮው በቅርብ አይገኝም። ነገር ግን ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ማወቅ ተገቢ ነው። የሣር ክዳን ጠርዝ ረዝሞ ስለሚወርድ ግድግዳውን ይከልላል። የቆርቆሮ ጣራ ብዙውን ጊዜ ለቁጠባ ሲባል አጭር ሆኖ ይቆረጣል፤ ውሃውም በኃይል ይወርዳል፣ ግድግዳውም ይታጠባል። ሴትየዋ ሥዕሏ በአንድ ዝናብ ሲጠፋ ስታይ መሣሉን ትተዋለች፤ ቀጥሎ ሲሚንቶ ይለሰናል። ጠርዙን ሁለት ክንድ ማስረዘም፣ ከሥርም የድንጋይ መደብ ማድረግ ብዙ ሥዕል ያተርፋል። ቆርቆሮ የሚለብሰው ባለአራት ማዕዘን ቤት ከክቡ ጎጆ ይልቅ ሰፊና ቀጥ ያለ ግድግዳ ስላለው እጇ ለለመደ ሴት እንዲያውም ትልቅ ሸራ ነው።

ከጂንካ በላይ ካለው ኮረብታ ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 ተቋቁሟል፤ ለዚህ ከደከሙት አንዱ ሐመር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ከባለቤቱ ከጂን ላይዳል ጋር ያጠናው አይቮ ስትሬከር ነው። ማዕከሉ የአካባቢውን ሕዝቦች ዕቃና ታሪክ ሰብስቧል። ዕቃ ወደ ሙዚየም ይሄዳል፤ ግድግዳ አይሄድም። ግድግዳ የሚሄደው ተሥሎ ነው። ፎቶግራፍም ይረዳል፤ አንድ ሰዓት ተቀምጦ የሣለ ሰው ግን ፎቶ የማይነግረውን ያያል፤ የትኛው መስመር ቀድሞ እንደተሠራ፣ እጁ የት እንደተነሣ፣ ቀለሙ በስንት ድርብ እንደተቀባ። የሠዓሊ ሥራ ለዚህ አገር እውነተኛ አገልግሎት የሚሆነው በዚህ ነው።

ልሞክረው ለሚል ሰው የማውቀውን ልንገር። ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ዝናቡ ያባራል፣ መንገዱም አያስቸግርም። ጂንካ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋለች፤ የክዳኑ ጥላ አብዛኛውን ግድግዳ ይሸፍነዋል፣ የጣቶቹ ቦዮችም ጠፍጣፋ ይመስላሉ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ እያንዳንዱ ቦይ የራሱን ጥላ ይጥላል። መጀመሪያ የክዳኑን ግራጫ አትንኩ፤ ወረቀቱን ለግድግዳው ስጡ። ቀዩን ከሣጥን ከማውጣት ይልቅ ባለቤቲቱን አስፈቅዶ አንድ እፍኝ አፈር መውሰድ፣ በደንብ ደቁሶ በጨርቅ ማጥለልና ከግራር ሙጫ ጋር መበጥበጥ ይቻላል፤ ከሱቅ የሚገዛው የውሃ ቀለምም የሚያያዘው በግራር ሙጫ ነው። እንዲህ ሲደረግ ሥዕሉና ግድግዳው አንድ ዓይነት ቀለም ይኖራቸዋል፣ ያም ቀለም አይደበዝዝም። የተላጠውን የታችኛውን ክፍል ሥሉ፤ ግን ሴትየዋ አዲስ መርጋ ስትጨርስም ተመልሳችሁ ያንኑ ግድግዳ ሥሉት፤ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ካልተቀመጡ የአሪ ቤት አልተሣለም።

አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ይህን በየዓመቱ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከየዘርፉ ጥቂት ተማሪዎች፣ አሪኛ የሚናገሩ ልጆች፣ ወረቀትና ሙጫ ይበቃሉ። ሴቶቹ ለሚሰጡት ጊዜ እንደ መምህር ሊከፈላቸው ይገባል፤ የሚያስተምሩ እነሱ ናቸውና። በየወረቀቱ ግርጌም ሁለት ስም ይጻፍ፤ መጀመሪያ ግድግዳውን የሣለችው፣ ቀጥሎ ወረቀቱን የሣለው፣ ከዚያ መንደሩና ወሩ። ስሟ እንዲጻፍ ካልፈለገች ደግሞ አለመፈለጓ ይከበር። አንዱ ቅጂ ለሙዚየሙ፣ አንዱ ለቤቱ ይሰጥ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አሪ የራሱ ዞን ሆኗል፤ የባህል ጽሕፈት ቤቱ የመጀመሪያውን የሠዓሊዎች መዝገብ በእነዚያ ስሞች ሊከፍት ይችላል።